ጎበዝ ልጅ ያቃተው ቀን

በክፍሉ ወለል ላይ በጠመኔ ወንዝ ሥያለሁ። ወንዙ መካከል ላይ ደሴት አለ፤ ከደሴቱ አለፍ ብሎ ወንዙ ለሁለት ይሰነጠቅና በሁለቱ ክንዶቹ መካከል ሌላ የብስ ይተዋል። ሁለቱን ዳርቻዎች፣ ደሴቱንና ያንን የብስ የሚያገናኙ ሰባት ድልድዮች አሉ። ጥያቄው አጭር ነው፦ እያንዳንዱን ድልድይ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ እየተሻገራችሁ ሰባቱንም አዳርሱ። ከፈለጋችሁበት ጀምሩ፣ በፈለጋችሁበት ጨርሱ። መዋኘትና መዝለል አይፈቀድም።

ከሦስተኛና ከአራተኛ ክፍል የተውጣጡ ዘጠኝ ልጆች ጫማቸውን አውልቀው በካልሲ ተነሱ። መጀመሪያ ሳቅና ግፊያ ነበር። በአምስት ደቂቃ ውስጥ እንደሚጨርሱት ሁሉም እርግጠኞች ነበሩ፤ የለመዱት እንደዚያ ነውና። በየክፍላቸው መምህሩ ጥያቄውን ሳይጨርስ እጃቸውን የሚያወጡ ልጆች ናቸው። ከመካከላቸው አንዷ፣ የአራተኛ ክፍል ተማሪ፣ ፈተና ላይ አንድ ጥያቄ ከተሳሳተች ወረቀቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ሥር የምትደብቅ ልጅ ነበረች። እሷ ስድስት ድልድይ ተሻግራ ሰባተኛው ቀረባት። ተመልሳ ከሌላ ቦታ ጀመረች፤ አሁንም አንድ ቀረ። ሦስተኛ ሞከረች። ከዚያ ደሴቱ ላይ ቆማ ቀና ብላ አየችኝ።

«መምህር፣ ጥያቄው ስህተት ነው።»

«ስህተት አይደለም» አልኳት።

«እና መልሱ ምንድን ነው?»

«እሱን ነው የምንፈልገው።»

ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ። ምንም ሳትናገር ከወንዙ ወጣች፣ ጫማዋን አጠለቀች፣ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች። ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ ከዚያ አልተነሳችም። ሌሎቹ ይሞክራሉ፣ ይጨቃጨቃሉ፤ እሷ የጫማዋን ማሰሪያ ትፈታለች፣ መልሳ ታስራለች፣ ደግሞ ትፈታለች።

ልዩ ተሰጥኦ አላቸው ለተባሉ የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪዎች በሳምንት አንድ ቀን፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ የማበልጸጊያ ክፍለ ጊዜ ስመራ ዓመታት ተቆጥረዋል። ወላጆችም የሥራ ባልደረቦቼም ብዙ ጊዜ የሚጠይቁኝ «ምን ምን ታሠሯቸዋላችሁ?» ብለው ነው። የምናሠራው ነገር ሞልቷል፤ እሱን መዘርዘር ቀላል ነው። እኔ ግን ጥያቄው በተነሳ ቁጥር ያ የጫማ ማሰሪያ ይታየኛል። ያ አንድ ሰዓት ለምን እንደሚያስፈልግ የገባኝ እሱን እያየሁ ነው። ልጅቷ በአራት ዓመት የትምህርት ጊዜዋ ያልገባት ነገር ገጥሟት አያውቅም ነበር። ሲገጥማት ምን እንደሚደረግ የነገራትም፣ ያሳያትም አልነበረም።

ሥራውን ስጀምር የተረዳሁት በዚህ መንገድ አልነበረም። ፈጣን ልጅ ክፍል ውስጥ ይሰለቻል፣ ስለዚህ ሥራ ይጨመርለት ብዬ ነበር የተነሳሁት። ሌላው አሥር ጥያቄ ከሠራ የእኔዎቹ ሃያ፤ ሌላው ባለ ሁለት አኃዝ ቁጥር ካባዛ የእኔዎቹ ባለ አራት አኃዝ። ማታ ማታ እየተቀመጥኩ ወረቀት አዘጋጅ ነበር፤ በትጋቴም እኮራ ነበር። አንድ የሦስተኛ ክፍል ልጅ ወረቀቱን ከሌሎቹ ቀድሞ ጨረሰና ሁለተኛውን ስሰጠው ቀስ ብሎ ጠየቀኝ፦ «መምህር፣ ቶሎ ስለጨረስኩ ነው የምቀጣው?»

ቀልድ አልነበረም። ፊቱ ላይ የእውነት ግራ መጋባት ነበር። መልስ አልነበረኝም። በልጅ ዓይን ካየነው ልክ ነው፤ ሥራ ለመጨረስ ሽልማቱ ሌላ ተመሳሳይ ሥራ ከሆነ ያ ቅጣት ነው። ብልህ ልጅ ደግሞ ይህን ለመረዳት ጊዜ አይፈጅበትም። ዘጠኙን ጥያቄ ሠርቶ አሥረኛውን ሆን ብሎ በመተው ደወሉ እስኪደወል የወረቀቱ ዳር ላይ አበባ የሚሥል ልጅ አይቻለሁ። ሰነፈ አልልም። ራሱን ከእኔ እየተከላከለ ነበር።

ከዚያ ወደ ሌላኛው ጫፍ ሄድኩ። ሐሙስ የደስታ ቀን ይሁን አልኩ። ኮምጣጤና ቤኪንግ ሶዳ እየቀላቀልን እሳተ ገሞራ ሠራን፣ የወረቀት አውሮፕላን አበረርን፣ በመጠጫ ቀጭን ቱቦዎች ማማ አቆምን። ልጆቹ ይጮኻሉ፣ ይስቃሉ፣ ወላጆች ፎቶግራፍ ያያሉ፣ ሁሉም ይደሰታል። የመንፈቅ ዓመቱ መጨረሻ ላይ ግን አንድ ጥያቄ አላስተኛ አለኝ፦ እነዚህ ልጆች መስከረም ላይ የማያውቁት፣ አሁን የሚያውቁት ነገር ምንድን ነው? ኮምጣጤው ሶዳውን ሲያገኝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይፈጠራል፣ አረፋውን የሚነፋው እሱ ነው። ይህን የጠየቀ ልጅ ግን አልነበረም፤ ጥያቄው ከመወለዱ በፊት አረፋው ጠፍቶ ወደሚቀጥለው ትዕይንት ተሻግረናል። በየሳምንቱ አዲስ ነገር፣ በየሳምንቱ ከባዶ መጀመር። ደስታው ላይ ቅሬታ የለኝም፤ ልጅ ሳይደሰት አይማርም። ነገር ግን ከአንዱ ሐሙስ ወደ ሌላው ይዞት የሚሻገር ሸክም የሌለው ልጅ እንግዳ ሆኖ ገብቶ እንግዳ ሆኖ ይወጣል።

እዚህ ላይ ስለ ሁለት ቃላት ማንሳት አለብኝ፤ ብዙ ያሳሰቡኝ ናቸው።

«ጎበዝ» የሚለው ቃላችን ሁለት ትርጉም አለው። አንዱ ደፋር፣ የማይፈራ፣ ወደ ኋላ የማይል ነው። ሌላው ትምህርት ቶሎ የሚገባው ነው። ትምህርት ቤት በር ላይ ስንደርስ የመጀመሪያው ትርጉም ውጭ ይቀርና ሁለተኛው ብቻውን ይገባል። «ሰነፍ» የሚለው ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። የማይሠራውንም፣ የማይገባውንም በአንድ ቃል እንጠራበታለን። ‹ሰነፍ ተማሪ› የተባለው ልጅ ሥራ ስለጠላ ይሁን ትምህርቱ ስለከበደው ከቃሉ መለየት አይቻልም። በዚህ ቋንቋ አፉን የፈታ ልጅ አለመረዳትን እንደ ጥፋት ቢቆጥረው ምን ይገርማል? ከሕፃንነቱ ጀምሮ በቀን አሥር ጊዜ ጎበዝ እየተባለ ላደገ ልጅ ደግሞ አንድ ያልገባው ነገር ማለት ወደ ሌላኛው ቃል መውደቅ ነው። በመካከል ምንም መቆሚያ የለም። ያቺ ልጅ ደሴቱ ላይ ቆማ ጥያቄውን ስህተት ያለችው ለዚህ ይመስለኛል፤ ወይ ጥያቄው ይሳሳታል፣ ወይ እሷ ጎበዝ አይደለችም።

እ.ኤ.አ. በ1998 ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በአምስተኛ ክፍል ተማሪዎች ላይ ያደረጉትን ጥናት ያሳተሙት ይህንኑ ነገር ለመመርመር ነበር። ልጆቹ መጠነኛ ጥያቄዎችን ሠሩ። ከዚያ አንዳንዶቹ «ብልህ ነህ» ተብለው፣ ሌሎቹ «በርትተህ ሠርተሃል» ተብለው ተመሰገኑ። ቀጥሎ ከባድ ጥያቄ ተሰጣቸውና ሁሉም ተቸገሩ። በመጨረሻ ከመጀመሪያው ጋር የሚመጣጠን ጥያቄ ሲሰጣቸው በብልህነታቸው የተመሰገኑት ከመጀመሪያው ያነሰ ውጤት አመጡ፤ በጥረታቸው የተመሰገኑት ተሻሻሉ። እኔን እጅግ ያስደነገጠኝ ግን ሌላው ክፍል ነው። ውጤታቸውን ለማያውቁት ልጅ በጽሑፍ እንዲናገሩ ሲጠየቁ፣ ብልህ ከተባሉት ከመቶ ወደ 40 የሚጠጉት ያላገኙትን ውጤት ጻፉ። ለማያውቁት ልጅ! ምንም ለማያገኙበት ነገር! ውዳሴው ምን ያህል ጠንከር ያለ ለውጥ ያመጣል በሚለው ላይ ተመራማሪዎች ከዚያ ወዲህ ብዙ ተከራክረዋል፤ ክርክሩ ተገቢ ነው። ቦርሳ ሥር የተደበቀ ወረቀት ላየ ሰው ግን የእነዚያ ልጆች ውሸት እንግዳ አይሆንበትም።

ጎበዝ ማለትን ጨርሼ አልተውኩም፤ በአማርኛ እያስተማሩ መተውም አይቻልም። ከቃሉ በፊት ያየሁትን መናገር ግን ለመድኩ። «እዚህ ጋ መንገድ ቀይረሃል፤ ምን አይተህ ነው?» «ይህንን ሰርዘሽ ሌላ ጻፍሽ፤ የመጀመሪያው ምን ጎደለው?» ልጁ ስለ ራሱ ማንነት ማሰቡን ትቶ ስለ ሥራው ማሰብ ይጀምራል። ይህ ቀላል ይመስላል እንጂ እኔን አንድ ዓመት ሙሉ ፈጅቶብኛል። አፌ ላይ የሚቀድመው ያው የድሮው ቃል ነበር።

በሁለተኛው ሐሙስ ወንዙን እንደገና ሣልኩት። ልጅቷ መጣች። አትመጣም ብዬ ፈርቼ ስለነበር በሩ ላይ ሳያት ልቤ አረፈ። በዚህ ቀን ጥያቄውን ለወጥኩት፤ «እንዴት ትሻገራላችሁ?» ማለቱን ትቼ «የት ላይ ትቀራላችሁ?» አልኳቸው። መሄጃ ባጡበት ቦታ ሁሉ በቀይ ጠመኔ ነጥብ እንዲያደርጉ ነገርኳቸው። አሁን መሸነፍ ራሱ ሥራ ሆነ። ማንም ማንንም አልቀደመም፤ ሁሉም የተሸነፈበትን ይቆጥራል።

እሷ በዚህ ጊዜ ጫማዋን አላወለቀችም። ወለሉ ላይ ተንበርክካ በጣቷ ነው የተጓዘችው። ጣቷ ወደ ደሴቱ ይገባል፣ ይወጣል፣ ይገባል፣ ይወጣል። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ጠጋ ብዬ ሰማሁ፦ «ስገባ አንድ፣ ስወጣ አንድ። ስገባ አንድ፣ ስወጣ አንድ።» ድንገት ቆመች። «ሁልጊዜ ሁለት ሁለት ነው የሚያልቀው» አለች፣ ለማንም ሳይሆን ለራሷ። ከዚያ የደሴቱን ድልድዮች ቆጠረች። አምስት። የላይኛውን ዳርቻ፣ ሦስት። የታችኛውን፣ ሦስት። የዳሩን የብስ፣ ሦስት። ልጆቹ አንድ በአንድ ዝም እያሉ ከበቧት። ድልድዮች ጥንድ ጥንድ ሆነው ካለቁ፣ ቁጥራቸው ኢ-ተጋማሽ የሆነበት ቦታ ላይ አንዱ ብቻውን ይቀራል። እንዲህ ያለ ቦታ የጉዞው መጀመሪያ ወይም መጨረሻ ካልሆነ በስተቀር አይሆንም። ጉዞ ደግሞ አንድ መጀመሪያና አንድ መጨረሻ ብቻ ነው ያለው፤ እዚህ ግን አራት ቦታዎች አሉ።

«አይቻልም» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ሐዘን አልነበረም።

አንድ ሳምንት ሙሉ «አልቻልኩም» ስትል የቆየች ልጅ «አይቻልም» ላይ ደረሰች። በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው ርቀት ለእኔ የዚያ ክፍለ ጊዜ ጠቅላላ ሥርዓተ ትምህርት ነው። አንዱ ስለ ራስ ነው፣ ሌላው ስለ ነገሩ።

ታሪኩን የነገርኳቸው ከዚያ በኋላ ነው። ከተማዋ ኬኒግስበርግ ትባል ነበር፣ ዛሬ ካሊኒንግራድ የምትባለዋ። ሰባቱ ድልድዮች የእውነት ነበሩ። ሌዎንሃርድ ኦይለር የተባለው የሒሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1736 የሰጠው መልስ እሷ የሰጠችው መልስ ነው፦ አይቻልም፣ ምክንያቱም የድልድዮቹ ቁጥር። ከዚያች «አይቻልም» የግራፍ ንድፈ ሐሳብ የሚባለው፣ ነጥቦችንና የሚያገናኟቸውን መስመሮች የሚያጠናው የሒሳብ ዘርፍ ተወለደ፤ ዛሬ የስልካችን ካርታ አጭሩን መንገድ የሚፈልግልን በዚያ ዘርፍ ዕውቀት ነው። ታሪኩን አስቀድሜ ብነግራቸው ኖሮ ያደንቁት ነበር፤ አድንቀውም ይረሱት ነበር። አሁን ግን ኦይለርን የሰሙት እንደ ሥራ ባልደረባ ነው።

በዚያው ቀን ሌላ ነገር ሆነ። አንድ የሦስተኛ ክፍል ልጅ ከመምህሩ ተልኮ የጠመኔ ካርቶን ሊያመጣልኝ መጥቶ ነበር። ካርቶኑን አስቀምጦ አልሄደም፤ በሩን ተደግፎ ወለሉን ያያል። የእኛ ቡድን አባል አይደለም። ውጤቱ መካከለኛ ነው፣ የክፍሉ መምህር «ሰነፍ ባይሆን ጥሩ ልጅ ነበር» ብለውኛል፤ እስክሪብቶ ሁሉ ፈታትቶ የሚጨርስ ነው ብለውም አማርረውልኛል። ልጆቹ አይቻልም ብለው ሲደሰቱ እሱ ከበሩ «አንዱን ብናፈርሰውስ?» አለ። ማንም ሳይፈቅድለት ገባና አንዱን ድልድይ በእግሩ አሸው። ነጩ ጠመኔ ካልሲው ላይ ቀረ። ሞከሩት፤ ስድስቱን ተሻገሩ! መልሰው ሣሉትና ሌላኛውን አጠፉ፤ አሁንም ሆነ። ሌላውን፣ አሁንም። ከሰባቱ የትኛውም ቢፈርስ የቀሩት ስድስቱ ይሆናሉ። ለምን? እያንዳንዱ ድልድይ ሁለት ቦታዎችን ነው የሚያገናኘው፤ አንዱ ሲጠፋ የሁለቱም ቁጥር ተጋማሽ ይሆናል፣ ኢ-ተጋማሽ የሆኑት ሁለት ብቻ ይቀራሉ፤ አንዱ መጀመሪያ፣ አንዱ መጨረሻ። ይህን ዘጠኙ ሳይሆኑ አሥሩ ልጆች ናቸው ያገኙት።

ለክፍሉ የመረጥናቸው በአንድ ፈተና ነበር። ያ ልጅ ፈተናውን ወስዶ ወድቋል። በዚያ ምሽት ስለ ሉዊስ ተርማን ማሰቤን ማቆም አልቻልኩም። ተርማን እ.ኤ.አ. በ1921 በካሊፎርኒያ ከ1,500 በላይ ልጆችን በአእምሮ ምዘና መርጦ ዕድሜ ልካቸውን የተከታተለ ተመራማሪ ነው። ለምርጫ ከተፈተኑት ልጆች መካከል ዊልያም ሾክሌይና ሉዊስ አልቫሬዝ ይገኙበታል፤ ሁለቱም የሚፈለገውን ነጥብ ስላላመጡ ተጣሉ። ሾክሌይ እ.ኤ.አ. በ1956፣ አልቫሬዝ በ1968 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ፈተና ምንም አይለካም ማለቴ አይደለም። የሚለካው ግን በዚያች ጠዋት፣ በዚያ ወረቀት ላይ፣ በዚያ ፍጥነት የተገኘውን ነው። በር ተደግፎ የሚያይን ዓይን አይለካም።

የትምህርት ሥነ ልቦና ተመራማሪው ጆሴፍ ሬንዙሊ እ.ኤ.አ. በ1978 ባቀረበው ሐሳብ ተሰጥኦ ማለት የሦስት ነገሮች መገናኛ ነው፦ ከአማካይ ከፍ ያለ ችሎታ፣ ፈጠራ፣ እና የያዙትን ሥራ ሳይለቁ መቆየት። ችሎታው ሊቅነት እንዲሆን አልጠየቀም፤ ከአማካይ ከፍ ካለ ይበቃል። ሦስተኛዋ ነጥብ ናት ለእኔ ልዩ የሆነችው። ሥራን ሳይለቁ መቆየት በአንድ ሰዓት ፈተና ሊታይ አይችልም፤ የሚቆዩበት ሥራ መጀመሪያ መኖር አለበትና። ሬንዙሊና ባልደረቦቹ በኋላ «ተሽከርካሪ በር» የሚል አሠራር አመጡ፦ ከተማሪው ከ15 እስከ 20 በመቶ የሚሆን ሰፊ ስብስብ ይያዛል፣ ልጅ እንደ ፍላጎቱና እንደ ሥራው ይገባል፣ ይወጣል። እኛ እንደዚያ የተደራጀ ነገር አልነበረንም። ያደረግነው ትንሽ ነው፤ ሐሙስ በሩ ክፍት ሆነ። መግቢያው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ የጀመርከውን ቢያንስ ለሦስት ሳምንት አትተውም። አንዳንድ የተመረጡ ልጆች ወላጆች ይህን አልወደዱትም። «የእኔ ልጅ ከማን ጋር ነው የተቀላቀለው?» ያሉኝ አሉ። ቅሬታቸው ይገባኛል፤ ልጃቸው የተጠራበት ክፍል ክብር የነበረው በሩ ዝግ ስለነበረ ነው። እኔ ግን ክብሩን ፈልጌው አላውቅም።

የተሽከርካሪው በር ልጅ፣ ለራሴ እንዲህ እጠራዋለሁ፣ ከዚያ በኋላ ለሁለት ዓመት አልቀረም።

ሳልናገረው የማላልፈው የቦርሳው ሥራ ነው። አንዲት ትንሽ ልጅ ትከሻዬን ያመኛል አለች። ከዚያ ጥያቄ መጣ፦ ቦርሳው የሚከብደው የየትኛው ክፍል ተማሪ ነው? ሚዛን ተዋስን፣ ቅርጫት አደረግንበት፣ በየክፍሉ እየዞሩ መዘኑ፣ ሰንጠረዥ ሞሉ። ሁለት ሐሙስ ከፈጀ በኋላ አንዱ ልጅ የቅርጫቱን ክብደት ማንም እንዳልቀነሰ አስተዋለ። የነበረውን ጸጥታ አልረሳውም። ቁጥሩ ሁሉ ስህተት ነው። አንዱ ደብተሩን ሊቀድ ተነሳ፣ ሌላዋ እንደገና እንመዝን አለች፣ ሦስተኛው «ቅርጫቱ እኮ አልተለወጠም፤ እሱን መዝነን ከሁሉም እንቀንስ» አለ። እንዲህ ማድረግ ማታለል ነው አይደለም ብለው ሃያ ደቂቃ ተከራከሩ። እኔ አፌን ዘግቼ ተቀመጥኩ፤ በዚያ ዓመት ከሠራሁት ሁሉ ከባዱ ሥራ ያ ዝምታ ነበር። ማታለል አይደለም ብለው ወሰኑ፣ ነገር ግን የመጀመሪያውን ዓምድ ሳያጠፉ አጠገቡ አዲስ ዓምድ እንዲጻፍ ተስማሙ። ትንንሾቹ ልጆች የሚሸከሙት ከትልልቆቹ የማይተናነስ ሆኖ ተገኘ። ለርእሰ መምህሩ ደብዳቤ ጻፉ። ርእሰ መምህሩ ክፍላችን ድረስ መጥተው «ይህን እንዴት አወቃችሁ?» ብለው ጠየቁ፤ ልጆቹም መጀመሪያ ያሳዩአቸው የተሳሳተውን ዓምድ ነው።

ሬንዙሊ የማበልጸጊያ ሥራን በሦስት ዓይነት ይከፍላል፤ አዲስ ነገር ማሳየት፣ የማሰብና የመመርመር ክህሎት ማሠልጠን፣ እና ልጁ ራሱ የእውነት ጥያቄ ይዞ የእውነት ሰሚ ወዳለበት መውሰድ። አብዛኛው ትምህርት ቤት ከመጀመሪያው አያልፍም፤ እኔም በእሳተ ገሞራው ዘመን አላለፍኩም ነበር። ሦስተኛው ዝግጅቱ ትንሽ፣ ትዕግሥቱ ብዙ ነው። የመምህሩን ወረቀት አይፈልግም፤ የሚፈልገው ሚዛን፣ ጊዜና የተዘጋ አፍ ነው።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ውሸት ይሆናል። በሳምንት አንድ ሰዓት አይበቃም። ልጁ ሰኞም፣ ማክሰኞም ያው ልጅ ነው። ሐሙስ ከክፍሉ ወጥቶ ሲመለስ ያመለጠውን ማስታወሻ ሁሉ እንዲገለብጥ የሚገደድ ልጅ ነበረን፤ ለሐሙሱ የከፈለው ዓርብ በእረፍት ሰዓቱ ነው። ይህ የሚስተካከለው ከክፍሉ መምህር ጋር ተቀምጦ በመነጋገር ብቻ ነው። ልጁ የሚያውቀውን ትምህርት አስቀድሞ በአጭር ፈተና ማየት፣ ያወቀውን መልሶ አለማሠራት፣ በተረፈው ጊዜ የሐሙሱን ሥራ እንዲቀጥል መፍቀድ። እሺ ያሉኝ መምህራን ልጆች ሰኞ ሰኞ ደብተራቸውን ይዘው ኮሪደር ላይ ይጠብቁኝ ነበር።

ሌላው፣ በአጭሩ፦ እንደ አሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የሚያስብ የስምንት ዓመት ልጅ፣ ልቡ የስምንት ዓመት ነው። ስለ ሰማይ አካላት እንደ ትልቅ ሰው ሲያወራ የቆየ ልጅ በእርሳስ ምክንያት መሬት ላይ ተንከባሎ ሲያለቅስ አይተን «አንተን የመሰለ ልጅ!» ማለት አይገባንም። እሱን የመሰለ ልጅ የሚያለቅሰው እንደዚያ ነው።

የዓመቱ መጨረሻ አካባቢ ለሁሉም አንድ አንድ ቁጥር ሰጠኋቸው። ሕጉ ሁለት መስመር ነው። ቁጥሩ ተጋማሽ ከሆነ ለሁለት አካፍል፤ ኢ-ተጋማሽ ከሆነ በሦስት አባዛና አንድ ጨምር። በ6 ብንጀምር 3፣ 10፣ 5፣ 16፣ 8፣ 4፣ 2፣ 1። ሁሉም ቁጥር ወደ 1 ይመለሳል? ጥያቄው እ.ኤ.አ. በ1937 ጥያቄውን ባነሳው በጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ በሎታር ኮላትዝ ስም ይጠራል፤ እስከ ዛሬ በማረጋገጫ የመለሰው የለም። ኮምፒውተሮች እጅግ ግዙፍ እስከሆኑ ቁጥሮች ድረስ ሞክረው የማይመለስ አላገኙም፣ ነገር ግን ሞክሮ አለማግኘት ማረጋገጥ አይደለም። ይህን ስነግራቸው «መምህርም አያውቁትም?» አለኝ አንዱ። አላውቀውም አልኩት። ማንም አያውቀውም። ክፍሉ ውስጥ ያኔ የተነሳው ጉምጉምታ ከየትኛውም አረፋ ይበልጥ ነበር።

26 በአሥር እርምጃ ወደ 1 ይደርሳል። 27 ግን እስከ 9,232 ወጥቶ በ111 እርምጃ ነው የሚመለሰው። 27ን ለጫማ ማሰሪያዋ ልጅና ለበሩ ልጅ፣ ለሁለቱም ለየብቻ ሰጠኋቸው።

በሚቀጥለው ሐሙስ እሷ «ጨረስኩ፣ 49 እርምጃ» እያለች ገባች። እሱ ቆይቶ መጣ፤ ደብተሩ ብዙ ገጽ ሞልቷል፣ 111 ብሏል። ሁለቱም እርግጠኞች ናቸው። ደብተሮቹን ጎን ለጎን ዘርግተው ወለሉ ላይ በደረታቸው ተኙና መስመር በመስመር ማነጻጸር ጀመሩ። 82፣ 41፣ 124፣ 62። እኔ የእሷን ፊት ነበር የማየው። 107፣ 322፣ 161። እዚህ ላይ ጣቷ ቆመ። የእሱ ደብተር ላይ 484 አለ፣ የእሷ ላይ 474። በእጇ መዳፍ ሸፈነችው። ከንፈሯን ነከሰች። ጥቂት ቆየች።

መዳፏን አነሳች፤ በእርሳስ ዙሪያውን አከበበችው፣ ከዚያ ገጹን እየገለበጠች ወደ ታች ወረደች፣ እስከ መጨረሻው መስመር። ድንገት ተነስታ ተቀመጠች።

«መምህር!» አለች፤ «ስህተቴም እኮ ወደ አንድ ተመለሰ!»

የበሩ ልጅ ደብተሯን ነጠቃት። እውነትም ተመልሷል። «ሌላ ቦታ ላይ ደግሞ ብትሳሳቺስ?» አላት። ቦርሳዋን ከፍታ ሌላ እርሳስ አወጣችና አንዱን ለእሱ ሰጠችው፤ ደወሉ ሲደወል ሁለቱም 161 ላይ ተደፍተው ሆን ብለው እየተሳሳቱ ነበር።